ጃኩዚ ለሸጠልን ልጅ፣ ዘግይቶ የመጣ ምስጋና

ጃኩዚ ከገዛን ስድስት ወር አለፈን። እስካሁን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ዕቃ በገባ ሳምንት ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው። ሻጭ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመግዛታችን በፊት ሁለት ወር ያህል ዞረናል። ዋጋ ስጠይቅ «ከዚህ ይጀምራል» ይሉኛል። የት እንደሚያልቅ የሚነግረኝ ግን ጠፋ። ክዳኑ ለብቻ፣ ደረጃው ለብቻ፣ ማጓጓዣው ለብቻ። አንዱማ «ዛሬ ካልወሰዱ ነገ ቅናሹ የለም» ብሎ ሊያዋክበኝ ሞከረ። ነገም ከነገ ወዲያም ቅናሹ እዚያው ነበር። ሄጄ አይቼዋለሁ።

ይሄ ልጅ ግን ስለ ሞዴል ሳያወራ ሁለት ነገር ጠየቀኝ። የት ነው የሚቀመጠው? ስንት ሆናችሁ ነው የምትገቡበት? ከዚያ ወረቀት አወጣና ዕቃውን፣ ክዳኑን፣ ማጓጓዣውን፣ ተከላውን ከነዋጋቸው ጻፈ። ቀጥሎ መስመር አሰመረና እሱ የማይሸጣቸውን ደረደረ። የኮንክሪት ወለል። ለብቻው የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር። ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር። «ይሄ ለእኔ አይከፈልም፤ ከኪስዎ ግን ይወጣል» አለኝ።

ወለሉ ላይ ተከራከርኩ። የእንጨት በረንዳችን ጠንካራ ነው ብዬ። አብረን አሰላን። የሚይዘው ውሃ 1,200 ሊትር ነው፤ ያ ብቻውን 1,200 ኪሎ ነው። የገንዳው የራሱ ክብደትና አራት ሰው ሲጨመር 1,800 ኪሎ ገደማ ደረሰ። ዝም አልኩ።

ዓይኔ ያረፈው 60 ጄት፣ ማለትም ውሃ በግፊት የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች፣ ባለው ላይ ነበር። እሱ ባለ 30ውን አሳየኝ። የፓምፑ ጉልበት ያው ከሆነ ቀዳዳ በበዛ ቁጥር ግፊቱ ይከፋፈላል፣ ጀርባ የሚያሸው ደግሞ ግፊቱ ነው አለ። ውዱን ይዤ የመጣሁትን ሰው ወደ ርካሹ የመለሰኝ ሻጭ እሱ የመጀመሪያዬ ነው። በተረፈው ገንዘብ ወፈር ያለ ክዳን ገዛን፤ ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው በላይ በኩል ነውና።

ዋስትናውንም በጅምላ አልነገረኝም። የገንዳው አካል የራሱ ዓመት አለው፣ ፓምፕና ማሞቂያው የራሱ፣ የእጅ ዋጋ የራሱ። ማጣሪያ አይሸፈንም። በየሦስት አራት ወሩ ውሃ መቀየር፣ ክሎሪን፣ ከዓመታት በኋላ ውሃ የጠጣ ክዳን መተካት፣ ይሄ ሁሉ ሳልጠይቅ ተነገረኝ።

እንከን አልነበረውም አልልም። ዕቃው ከተባለው ቀን አራት ቀን ዘገየ። ግን እኔ ሳልደውል እሱ ደወለ።

በሁለተኛው ወር ማሞቂያው በድንገት ጠፋ። ደነገጥኩ። በስልክ «ማጣሪያውን አውጥተው ይጠቡት» አለኝ። ተዘግቶ ኖሯል። መጥቶ የጉብኝት ሂሳብ መቀበል ይችል ነበር እኮ!

በመጨረሻ የከፈልኩት ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። የተጨመረው ወለሉ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ሰፋ ይበል ያልኩት እኔ ነኝ።

ስሙን ሳላስፈቅደው እዚህ አላወጣም። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ቦታችሁን ለኩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።