ታብሌቶቹን ከቁም ሳጥን ላወጣችልን ልጅ

ምስጋና በአደባባይ መጻፍ ብዙም አይሆንልኝም። ፊት ለፊት "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መለያየት ነው የሚቀናኝ። የዚህችን ልጅ ሥራ ግን በዚያ ብቻ ማለፍ ነውር መሰለኝ። ደግሞም መምህራን ጓደኞቼ "ኢ-ቡኩ እናንተ ጋ እንዴት ሠራ?" እያሉ እረፍት ነስተውኛል። ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ። ኢ-ቡክ ስል በስክሪን የሚነበብ መጽሐፍ ማለቴ ነው።

የሁለተኛ ክፍል መምህር ነኝ፤ ንባብ አስተምራለሁ። 41 ልጆች አሉኝ። ታብሌቶቹ 6 ናቸው።

ልጅቷ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። መጀመሪያ የመጣችው ፕሪንተር ልትጠግን ነበር። ስሟንም ስልኳንም እዚህ አልጽፍም። "ቲቸር በናትዎ፣ ስልኬ መጮህ ከጀመረ ሥራ አልሠራም" ብላኛለች። ስለዚህ ይህ ጥቆማ ትንሽ እንግዳ ነው። ልጅቷን ሳይሆን አሠራሯን ነው የምጠቁማችሁ።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ታብሌቶቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው ነበር። የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያትም ነበረኝ። አብሯቸው የተገዛ የተረት አፕ ነበር። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የሚነካ ነገር ሞልቶበታል። ወፏን ሲነኳት ትዘፍናለች፣ እንቁራሪቷ ትዘላለች፣ ፀሐይዋ ትጠቅሳለች። ልጆቹ በደስታ አበዱ። የመጀመሪያ ቀን እኔም የተሳካልን መስሎኝ ነበር። ሲጨርሱ "እሺ፣ እንቁራሪቷ ምን ሆነች?" ብዬ ጠየቅኩ። "ሲነኳት ትዘላለች!" አሉኝ በአንድ ድምፅ። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። ተረቱን የሚያውቅ አንድ ልጅ ጠፋ። የሸጡልንን ሰዎች ብንጠይቅ "ልጆቹ እየተሳተፉ እኮ ነው" አሉን። በቃ፣ ቆለፍኩት።

ፕሪንተሩን ጠግና ስትወጣ ቁም ሳጥኑን አይታ ጠየቀችኝ፤ የሆነውን ነገርኳት። "አምጡልኝ፣ ልያቸው" ትላለች ብዬ ስጠብቅ "ነገ ንባብ መቼ ነው? ከኋላ ብቀመጥ ይከፋዎታል?" አለች።

መጣች። ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ደብተር ይዛ ተቀመጠች። ትንፍሽ አላለችም። እኔ በወረቀት መጽሐፍ ሳስተምር ነው እንግዲህ የምታየው። ሲያልቅ ያነበበችልኝ ማስታወሻ ግን አሳፈረኝ። የኋላ ሁለት ረድፎች ሥዕሉ አይታያቸውም። አምስት ስድስት ልጆች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ እንጂ አያነቡም፤ የጎረቤታቸውን ድምፅ ነው የሚከተሉት። አንዱ ገጽ የሚገልጠው ሌላው ሲገልጥ አይቶ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያው ክፍል ቆሜ ይህን አላየሁም።

"ለነዚህ ኢ-ቡክ ሊረዳ ይችላል" አለች። "ሌላውን እርስዎ ይችሉበታል።"

ለኋላዎቹ ረድፎች ታብሌትም አላስፈለገም። አንድ ኢ-ቡክ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተለቀቀ፤ ሥዕሉም ጽሑፉም እኩል ታየ። እኔ ቃሉን በዘንግ እየተከተልኩ አነባለሁ፣ ልጆቹ ይከተሉኛል። መሃል ላይ ቆም ብዬ "አሁን ምን የሚሆን ይመስላችኋል?" እላለሁ። ያው የድሮው ትምህርት ነው። ይህን ለማወቅ ባለሙያ ያስፈልጋል ወይ ትሉ ይሆናል። እኔን አስፈልጎኛል።

መጽሐፉን ከየት እናምጣ? እኔ ቴሌግራም ላይ የሚዞሩ፣ ስካን የተደረጉ የልጆች መጻሕፍት ሰብስቤ ነበር፤ በኩራት አሳየኋት። "ማን ፈቀደልን?" አለች። ዝም አልኩ። አንዱንም አልጫነችም። በምትኩ ኢንተርኔት ላይ ሦስት ቦታ አሳየችኝ፤ ለነሱም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። አንዱ ፕራታም ቡክስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ የሕንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው ስቶሪዊቨር ነው። ሌላው ሳይዴ የተባለ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው አፍሪካን ስቶሪቡክ ነው። ሦስተኛው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ። ሦስቱም ነፃ ናቸው፤ አማርኛም አላቸው። መጻሕፍቱ በአብዛኛው ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው ፈቃድ የወጡ ናቸው። የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም እስከጠቀሳችሁ ድረስ አውርዶ ማባዛት ይቻላል፤ ብዙዎቹን መተርጎምም ይቻላል። መሸጥ የሚከለክሉ ስላሉ የፈቃዱን ገጽ ማየት አይከፋም። ትርጉማቸው ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ለልጅ ጆሮ የሚከረክር አማርኛ ነው። መጀመሪያ ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ምላሳችሁን ካሰናከለው ለልጁም አይሆንም።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት የጻፍኳቸው አምስት ተረቶች ነበሩ። ታብሌት ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ነገር ሆኑ። ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ጥፋቱ የፎንቱ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለበት መሣሪያ ከስር ያለውን ላቲን ያወጣዋል። ፊደላችን የራሱን ቦታ ያገኘው ዩኒኮድ የተባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ በኮምፒውተር ላይ የየራሳቸውን ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 3.0 እትሙ ሲወጣ ነው። መቀየሪያ ፕሮግራም ነበራት፤ ግን በፕሮግራሙ አላመነችም። የተቀየረውን ፊደል በፊደል ከወረቀቱ ጋር አመሳከረችው። "ጸ" እና "ፀ" የተቀያየሩበትን ሳይቀር አገኘች። (የኔ ስህተት ነበር፤ ፕሮግራሙን አላማሁትም።)

ረጃጅሞቹን ጽሑፎች ከፒዲኤፍ ኢፐብ ወደሚባለው የኢ-ቡክ ፋይል ዓይነት ቀየረቻቸው። ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ያቆመዋል። ልጁ ፊደሉ ሲያንሰው ያሰፋዋል፣ ያኔ ግማሹ መስመር ከስክሪኑ ይወጣል፣ ልጁም የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ኢፐብ ላይ ፊደሉን ስታሳድጉት መስመሩ ራሱ ታጥፎ ከስክሪኑ ጋር ይስተካከላል። የሥዕል መጻሕፍትን ግን አልነካቻቸውም። እዚያ ጽሑፉና ሥዕሉ ከተለያዩ መጽሐፉ የለም።

ዋናው ግን ድምፁ ነው። ኤስ.አይ.ኤል የተባለ ድርጅት የሚያዘጋጀው ብሉም የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ጽሑፉን ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱን አንብበህ ትቀዳለህ። ልጁ ሲከፍተው የሚነበበው ዓረፍተ ነገር በቀለም ይደምቃል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቀዳን። ሦስት ጊዜ አስቆመችኝ። "ቲቸር፣ ዜና እያነበቡ ነው። ለልጆቹ እንደሚያነቡት ያንብቡት።" ድምፄ እንዲያ እንደሚደርቅ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ገጹ በራሱ እንዳይዞር አደረገችው። የሚያዞረው ልጁ ነው። ታብሌቶቹ ከኢንተርኔት ተቆርጠዋል፤ ከመጻሕፍቱ በቀር የሚከፈት ነገር የለም። ቁጥር ተለጥፎባቸዋል፤ ማታ ቻርጅ የሚሰካው ተረኛ እንኳ ተመድቧል።

6 ታብሌት ለ41 ልጅ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡ አለች። ጆሮ ማዳመጫውን ለሁለት የሚያካፍል ትንሽ መሰኪያ አመጣች። 12 ልጆች እዚያ ሲሆኑ 29ኙ ከኔ ጋር በወረቀት ያነባሉ። በማግስቱ ይቀያየራሉ። ጥንዶቹ ይጨቃጨቃሉ፤ "ቆይ መልሳት፣ አልሰማሁም" ይባባላሉ። ለያንዳንዱ አንድ ታብሌት ቢኖር ይህን ጭቅጭቅ አላገኘውም ነበር። እሱን ነው እኔ የምፈልገው።

አንድ ልጅ አለኝ፤ ስሙ ይቆየን። ሰው ፊት አንድ ቃል አንብቦ አያውቅም። አንዲትን ገጽ ደጋግሞ አዳመጠ። ቆጥሬያለሁ፣ 9 ጊዜ። ከዚያ ማዳመጫውን አወለቀና ጓደኛውን "እስኪ ስማኝ" አለው። አጠገባቸው ደብተር የማርም መስዬ ቆየሁ።

ሁልጊዜ አልተስማማንም። ከባድ ቃል ሲነኩ ፍቺው ብቅ የሚልበትን ነገር ካላስገባሽ ብዬ ሞግቻታለሁ። "መጀመሪያ ታሪኩን ይጨርሱ" ብላ እምቢ አለች። ግትር መስላኝ ነበር። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ፣ በትናንሽ ልጆች ላይ የተሠሩ 39 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አነበብኩ። የተከተተ መዝገበ ቃላት ቃል ያስተምራል፤ ታሪኩን መረዳት ላይ ግን አያግዝም፣ እንዲያውም ወደ ኋላ ሊጎትት ይችላል ይላል። ታሪኩን ራሱን የሚያብራራ ነገር ሲጨመርበት ዲጂታሉ ከወረቀት ሊበልጥ ይችላል፤ ያለዚያ ወረቀቱ ይሻላል። እንቁራሪቷ ትዝ አለችኝ። አሁን ቃላቱን ከንባብ በፊት ሰሌዳ ላይ እጽፋቸዋለሁ።

ሳይንስን በኢ-ቡክ አላስተምርም። ይህ የኔ ምርጫ ነው፤ እሷም አልተከራከረችኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 54 ጥናቶችን ያነጻጸረ ሌላ ሥራ መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ላይ ወረቀት እንደሚሻል አሳይቷል፤ በተለይ ሰዓት ሲያጣድፍ። ፊደል መጻፍም ያው በእርሳስና በደብተር ነው።

ጉድለቷን ካልነገርኳችሁ ጥቆማው ሙሉ አይሆንም። ቀጠሮ ላይ ደካማ ናት። በሁለት ሳምንት እጨርሳለሁ ያለችው አምስት ሳምንት ፈጀ። ስትመጣ ግን ያልጨረሰችውን "ጨርሻለሁ" አትልም። እኔ ይህን እመርጣለሁ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ስትፈልጉ ስንት አፕ እንደሚጭን አትጠይቁት። ክፍል ገብቶ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቁት። ኢንተርኔት ሲጠፋ መጽሐፉ ይከፈት እንደሆነ ጠይቁ። መሣሪያው ቢበላሽ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ይዛወሩ ወይስ አብረው ይሞቱ? ዓይኑ የሚደክም ልጅ ፊደሉን ማሳደግ ይችላል? ይህን ሲጠየቅ የሚሰለች ከሆነ ፕሪንተር አስጠግኑት፣ ታብሌቱን አትስጡት።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹ እየሮጡ መጡ። "ቲቸር! ታብሌቱ ተሳስቷል!" አንደኛው ተረት ላይ የተጻፈው "ትንሹ ጥንቸል" ነው፤ የኔ ድምፅ ግን "ጥንቸል" ብቻ ይላል። ስቀዳ ዘልዬዋለሁ። ወዲያው ደወልኩላትና "አርሚልኝ፣ እየሳቁብኝ ነው" አልኳት።

"አውቄዋለሁ" አለች። "እንዳለ ይቆይ ቲቸር። የሚያነብና ዝም ብሎ የሚሰማ የሚለየው እዚያች ጋ ነው።"

እስካሁን 14 ልጆች አግኝተውታል። ሌሎቹን እየጠበቅኩ ነው።