ለክፍልና ለወላጅ የቱ ይሻላል? ቴሌግራም፣ ዋትሳፕ፣ አጭር መልእክት ወይስ የትምህርት ቤት መተግበሪያ

ትምህርት ቤቶች «ቴክኖሎጂ ልንገዛ ነው» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይደባልቃሉ፤ ልጁ ክፍል ውስጥ የሚማርበትንና ወላጁ መልእክት የሚቀበልበትን። ሻጮችም ሁለቱን ጠቅልለው በአንድ ዋጋ ማቅረብ ይወዳሉ። ለየብቻ ቢመረጡ ይሻላል። የክፍሉ ዕቃ የሚመረጠው በትምህርት ቤቱ አቅም ነው። የወላጁ መገናኛ ግን የሚመረጠው ከወላጆች ሁሉ አነስተኛውን ስልክ የያዘውን ሰው አይቶ ነው፤ ዘጠናው ወላጅ ሰምቶ አሥሩ ያልሰማው ማስታወቂያ፣ አሥር ልጆችን ከበር ላይ ያስቀራል።

ከወላጅ ዘንድ የሚደርሰው

አዲስ መተግበሪያ አውርዱ ከማለት በፊት ወላጆች ስልካቸው ላይ ያለውን ማየት ይቀድማል። ዋነኞቹ ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንዲህ ናቸው፦

| | የቴሌግራም ቻናል | የዋትሳፕ ግሩፕ | አጭር የጽሑፍ መልእክት |
|---|---|---|---|
| የሚይዘው ሰው | ገደብ የለውም | እስከ 1,024 | ቁጥሩ የተመዘገበ ሁሉ |
| ኢንተርኔት | ይፈልጋል | ይፈልጋል | አይፈልግም |
| የወላጅ ቁጥር ለሌላው ወላጅ | አይታይም | ይታያል | አይታይም |
| ማን እንዳነበበ | ስንት ጊዜ እንደታየ ብቻ | በስም ይታያል | አይታወቅም |

ከሠንጠረዡ በላይ የሚያሳስበኝ የግሩፕ ጠባይ ነው። መምህሩ የፈተና ቀን ይለጥፋል፤ ሠላሳ ወላጅ «እናመሰግናለን» ይላል፣ አንዷ የጠፋ ሹራብ ትጠይቃለች፣ ሌላው ያገኘውን ቪዲዮ ይልካል። ማታ ስልኩን የከፈተ አባት የፈተናውን ቀን ፈልጎ አያገኘውም። ቻናል ላይ የሚጽፈው ትምህርት ቤቱ ብቻ ስለሆነ ይህ አይደርስም፤ ዘግይቶ የገባ ወላጅም የቀደመውን ሁሉ ወደ ኋላ ሄዶ ያነባል። በዋትሳፕም ግሩፑ ላይ አስተዳዳሪዎች ብቻ እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል፤ ማስተካከያውን የሚነካው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዋትሳፕ የሚበልጥበት ቦታ ሌላ ነው። መልእክቱ ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በራሱ ይመሰጠራል፤ ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለው ምስጠራ ያለው በሁለት ሰዎች መካከል ለብቻው በሚከፈተው «ምስጢራዊ ውይይት» ብቻ ነው፤ ግሩፕና ቻናል አያገኙትም። ስለዚህ ከአንድ ወላጅ ጋር ለብቻ ለመነጋገር ዋትሳፕን፣ ለሁሉም ለማስታወቅ የቴሌግራም ቻናልን እመርጣለሁ። የልጅ ውጤት፣ ሕመም ወይም ጥፋት ግን በሁለቱም ግሩፕ ላይ አይለጠፍም። ለዚያ ስልክ ይደወላል።

ማንበብ የሚቸግራቸው ወላጆች ካሉ የድምፅ መልእክት ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለቱም ላይ አለ። በራሱ በክፍሉ መምህር ድምፅ የተነገረ የአንድ ደቂቃ መልእክት፣ በደንብ ከተጻፈ ገጽ ይልቅ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው።

አጭር መልእክት ያረጀ ይመስላል እንጂ ተራ ስልክ የያዘችውን አያት የሚያገኛት እሱ ብቻ ነው። አንድ ቁጠባ ግን እወቁበት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ አንድም የግእዝ ፊደል ከገባበት ወደ 70 ይወርዳል። ከ70 ካለፈ ደግሞ ባለ 67 ፊደል ቁርጥራጭ ሆኖ ይላካል፤ ሒሳቡም በቁርጥራጩ ልክ ይቆጠራል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ቢሮዎች አማርኛውን በላቲን ይጽፉታል። አያስፈልግም። «ነገ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ ልጆችን በ6 ሰዓት ይውሰዱ።» የሚለው ክፍተቱ ተቆጥሮ 36 ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው፤ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዞ ስለሚሄድ የእኛ ጽሑፍ ያጥራል። «ውድ የተከበራችሁ ወላጆች» የሚለውን መግቢያ መተው ይበቃል።

ለትምህርት ቤት ተብለው ከተሠሩት ውስጥ ክላስዶጆ ለትናንሽ ክፍሎች ይስማማል። መምህሩ ቁጥሩን ሳይሰጥ ከወላጅ ጋር ይጻጻፋል፣ የልጆቹን ሥራ በፎቶ ያሳያል፤ ለመምህራን በነፃ ነው። ነጥብ እየሰጠ የልጆችን ጠባይ የሚቆጥረውን የመተግበሪያውን ክፍል ግን አልወደውም፤ ልጅ በነጥብ ሲመዘን ወላጅም የሚያየው ነጥቡን ብቻ ይሆናል። ጎግል ክላስሩም ደግሞ ለወላጅ ያልቀረበና የሚቀርብ የቤት ሥራን በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ አጠቃሎ ይልካል፤ የሚልከው ግን በኢሜይል ነው። ብዙ ሰው ኢሜይል የከፈተው አዲሱ ስልክ ስለጠየቀው ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልገባበትም። ወላጆቻችሁ እንዲህ ከሆኑ በዚህ ማጠቃለያ አትመኩ።

ክፍል ውስጥ

እዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ስንት መሣሪያ አላችሁ? ለእያንዳንዱ ተማሪ መሣሪያና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ካለ ክላስሩም ለቤት ሥራ ቀላሉ ነው። ሙድል የሚባለው የትምህርት ማስተዳደሪያ ፕሮግራም የበለጠ ይሠራል፣ ኮዱም ክፍት ስለሆነ ፈቃድ አይከፈልበትም፤ ነገር ግን የሚጫንበትን ኮምፒውተር (ሰርቨሩን) የሚጠብቅ ሰው ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ካሁት በሚባለው የጥያቄ ውድድር መተግበሪያ ለመጫወት ለልጆቹ፣ ቢያንስ ለየቡድኑ፣ መሣሪያ ያስፈልጋል። ፕሊከርስ ግን የመምህሩ ስልክ ብቻ ይበቃዋል። ለልጆቹ የታተመ ካርድ ይታደላል፤ ካርዱን ወደ አራት አቅጣጫ በማዞር ከአራቱ ምርጫ አንዱን ይመልሳሉ፣ መምህሩ በስልኩ ካሜራ ክፍሉን ሲቃኝ የማን መልስ ምን እንደሆነ ይመዘግባል። እስከ 63 ተማሪ የሚበቃ የካርድ ስብስብ አለው። መልሱ የማይታወቅበት ዓይን አፋር ልጅም እጁን ያነሣል፤ ብዙ ተማሪ ላለው ክፍል ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላየሁም።

ኢንተርኔቱ ከሌለ ኮሊብሪ የሚባል የመማሪያ ፕሮግራም አለ። ቪዲዮውና መልመጃው አንድ ጊዜ ወርዶ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪዎቹ ያለ ኢንተርኔት፣ በትምህርት ቤቱ የውስጥ ዋይፋይ ይከፍቱታል።

ፕሮጀክተር የምትገዙ ከሆነ ከመግዣው ዋጋ ይልቅ አምፖሉን ጠይቁ። ተራው አምፖል ከጥቂት ሺህ ሰዓታት በኋላ ይቀየራል፤ በአምፖል ፈንታ በሌዘር የሚያበራው ፕሮጀክተር ግን ወደ 20,000 ሰዓት ይሄዳል። መለዋወጫ አምፖል በቅርብ ከሌለ ርካሹ ፕሮጀክተር ውድ ይሆናል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ቻናሉም ሆነ ግሩፑ በመምህሩ የግል ቁጥር አይከፈት። በትምህርት ቤቱ ቁጥር ተከፍቶ ቢያንስ ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው። ቀድሞ በመምህር ስም የተከፈተ የቴሌግራም ቻናል ካላችሁ ባለቤትነቱ ሊዛወር ይችላል፤ ይሁንና የሚያስረክበው ሰው ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከኮዱ ሌላ የሚጠየቀውን የይለፍ ቃል) ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ያበራ መሆን አለበት። መምህሩ ሥራ በለቀቀበት ዕለት የሚጀመር ነገር አይደለም።