ሪዝሊንግ ከዶሮ ወጥ ጋር፦ አራት ጠርሙስ ከፍተን የቀመስነው

ፍራንክፈርት ከመጣሁ ጀምሮ ሪዝሊንግ ስለሚባለው የነጭ ወይን ዓይነት የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ «እሱማ ስኳር ነው፣ አልወደውም» ይላል። ሌላው «ሆምጣጤ ነው፣ ጥርስ ይበላል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የወይኑ ፍሬ አንድ ይሁን እንጂ የሚወጣው መጠጥ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እኔም ለዓመታት አልነካውም ነበር። መጀመሪያ የገዛሁ ዕለት ሻጩን «ደረቅ የሆነ፣ በርበሬ ካለበት ምግብ ጋር የሚሄድ» ብዬው እንደ ማር የሚጣፍጥ ነገር ሰጠኝ፤ እንግዶቼ አንዳንድ ጉንጭ ቀመሱና ወደ ቢራቸው ተመለሱ። በጣም ነበር ያዘንኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ነገሩን ለይቼ ልወቀው ብዬ አራት ዓይነት ገዛሁ። ዶሮ ወጥ ሠራሁ፣ ጎመንና አልጫም አለ። አምስት ሰው ጠራሁ።

ጠጅ ቤት የገባ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ ብለን እናዝዝ የለ? ማሩ ያው ማር፣ ጌሾውም ያው ጌሾ ነው። እርሾው ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ብዙ ከተብላላ ጣፋጭነቱ ይሄድና ጉልበቱ ይጨምራል፤ ቶሎ ከቆመ ጣፋጩ ይቀራል፣ አልኮሉም ያንሳል። ሪዝሊንግም እንደዚያው ነው። ጀርመኖቹ «ትሮከን» የሚሉት ቃል በቃል «ደረቅ» ማለት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለው ጀርመንኛ ግራ ካጋባችሁ የአልኮሉን ቁጥር እዩ። 12 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። 8 ወይም 9 ከሆነ ስኳር ቀርቶበታል። ይሄን ያኔ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ!

መጀመሪያ የከፈትነው የራይንጋው ትሮከን ነው፣ 12.5 በመቶ። ራይንጋው ከፍራንክፈርት ወደ ምዕራብ የራይንን ወንዝ ይዞ የተዘረጋ የወይን አገር ነው። ሪዝሊንግም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ስሙ በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1435 እ.ኤ.አ. ሩሰልስሃይም ውስጥ ነው፤ የአንድ ባላባት የወጪ መዝገብ ላይ ለሪዝሊንግ ችግኝ 22 ሺሊንግ ወጣ ተብሎ ተጽፏል። አዎ፣ ያቺው ኦፔል መኪና የሚሠራባት ሩሰልስሃይም። ወይኑ ራሱ ንጹሕ ነው፣ አረንጓዴ ፖምና ሎሚ ይላል፣ አፍ ያነቃል። ለብቻው ደስ ይላል። ከዶሮ ወጡ ጋር ግን አልሆነም። አልኮሉ በርበሬውን አቀጣጠለው፣ ኮምጣጣነቱም አብሮ ገነነ። ከዓሣ ጥብስ ጋር ቢሆን አንደኛ ነበር።

ቀጥሎ ከሌላው የጀርመን የወይን አገር ከሞዘል ካቢኔት መጣ፣ ማለት ፍሬው ብዙ ሳይበስል ተለቅሞ የተጠመቀ ቀለል ያለ ወይን፣ 8.5 በመቶ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሞዘል ሸለቆ ቀዝቃዛ ነው፣ ወይኑ የሚበቅለውም ሰው በእግሩ ለመቆም በሚቸገርበት ገደል ላይ ነው። መሬቱ ጥቁር ስስ ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ መልሶ ለወይኑ ይሰጣል። ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ጣፋጭ እየሆነ ሄዶም ኮምጣጣነቱን አይለቅም። ለዚህ ነው ስኳር ኖሮትም የማይሰለቸው። ስትጎነጩት ኮክ፣ ኮክ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ግን ልክ ሎሚ እንደነከሳችሁ አፋችሁ ይጸዳል። ከዶሮ ወጥ ጋር ደግሞ ምን ልበላችሁ፣ ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል፣ ኮምጣጣው የቂቤውን ክብደት ያነሣዋል፣ አልኮሉ ትንሽ ስለሆነ ምላስ አያቃጥልም፣ ቁሌቱ ውስጥ ያለው የሽንኩርቱ ጣፋጭነት ራሱ የበለጠ ወጣ። ጋሼ የምንላቸው ጎረቤታችን ብርጭቆውን ብርሃን ላይ ያዙትና «ይሄማ የጠጅ ታናሽ ወንድም ነው» አሉ። ልክ ናቸው። ዋጋው 11 ዩሮ ነበር፤ ለእኔ ከአራቱ አንደኛ እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር። ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ የሚሉት ቃላት የሚነግሯችሁ ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል እንደበሰለ ነው እንጂ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሚጣፍጥ አይደለም። ሽፔትሌዘ «ዘግይቶ የተለቀመ» ማለት ነው። የሚተረክለት ታሪክም አለ። ራይንጋው ውስጥ ያለው የዮሃኒስበርግ ግቢ ወይን የፉልዳ ገዳም አበምኔት ስለነበር ለመልቀም የእሳቸው ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ በ1775 ፈቃዱን የሚያመጣው ፈረሰኛ ዘገየ፣ ፍሬው ሻጋታ ያዘው፣ የግዳቸውን ለቅመው ጠመቁት፣ ወይኑም ከሁሉ በለጠ። ፈረሰኛው ዛሬ እዚያው ግቢ ሐውልት ቆሞለታል። ያም ሆኖ ሽፔትሌዘ ትሮከን የሚባል አለ፣ ደረቅ ነው። ትሮከን የሚል ቃል ከሌለውና አልኮሉ ዝቅ ካለ ጣፋጭ ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ትሮከንቤረንአውስሌዘ ነው። «ትሮከን» አለበት ብላችሁ ደረቅ እንዳይመስላችሁ። ደረቅ የተባለው ፍሬው ነው፣ እንደ ዘቢብ ስለሚጨማደድ። ወይኑ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። አይስቫይን ደግሞ ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ የሚለቀም ነው። «ፋይንሄርብ» የሚል ካያችሁ መሐል ላይ ያለ ነው፤ ሕግ ያስቀመጠለት ልክ ስለሌለ እንደ ጠማቂው ይለያያል።

ሦስተኛው ከፈረንሳይ፣ ከአልዛስ ነው። 13 በመቶ፣ ደረቅ፣ ከራይንጋው ወፈር ያለ። ከአልጫው ጋር ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ውጭ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ የምወድለት ነገር ከ2021 ምርት ወዲህ የጣፋጭነቱን ደረጃ ጠርሙሱ ላይ መጻፍ ግዴታ መሆኑ ነው። «ሴክ» ካለ ደረቅ ነው።

መጨረሻ የከፈትነው አሥር ዓመት ያለፈው ሽፔትሌዘ ነው። ገና ሲከፈት አንዷ እንግዳዬ «ይሄ ላምባ ላምባ ይሸታል፣ ተበላሽቷል» አለች። አልተበላሸም። ሪዝሊንግ ሲያረጅ ይሄ ሽታ ይመጣበታል፤ ፀሐይ ክፉኛ ያገኘው ፍሬም ገና ሳያረጅ ሊያመጣው ይችላል፣ የአውስትራሊያዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ አለ። አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። እኔ ሽታውን ገና አልለመድኩትም፣ ከሥሩ ያለውን የማርና የደረቀ ኮክ ጣዕም ግን ወድጄዋለሁ። ያለ ምግብ፣ በትንሽ ብርጭቆ ነው የሚጠጣው።

የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ፦ የራይንጋውን ከፍሪጅ አውጥቼ ምድጃው አጠገብ ረሳሁት። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ ነው የሚሸታችሁ። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ማለት ከፍሪጅ ወጥቶ አሥር ደቂቃ ያህል። ለገና ሁለት ካቢኔት ቀድሜ ገዝቻለሁ፤ ትሮከኑን ዓሣ የምሠራ ቀን እሞክረዋለሁ።