የመኪና እግር ድምፅ ማዳመጫ፦ ለወራት ከተጠቀምኩበት በኋላ

ከመኪና የፊት እግር፣ ማለትም ጎማውን ከመኪናው አካል ከሚያያይዙት ዕቃዎች፣ የሚመጣ ድምፅ አታላይ ነው። ብረት ድምፅን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍ የላላው ዕቃ ቀኝ ጎን ሆኖ ከመሪው ሥር ሊሰማችሁ ይችላል። ሾፌሩ ከግራ ነው ይላል፣ አጠገቡ ያለው በቀኝ ይምላል። ከዚያ በግምት ሾክ አብዞርበር (ንዝረት የሚያበርደው) ይቀየራል፣ ቦል ጆይንት (የኳስ መገጣጠሚያው) ይቀየራል፣ ድምፁ ግን እዚያው ነው። ይህን ማዳመጫ የገዛሁት ግምት ስለሰለቸኝ ነው።

ዕቃው ውስብስብ አይደለም። ማይክሮፎን የተገጠመላቸው ስድስት መቆንጠጫዎች አሉት። ረጃጅም ሽቦዎቻቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ይሰካሉ። ሳጥኗ በ9 ቮልት ባትሪ ትሠራለች። መምረጫዋን እያዞራችሁ እያንዳንዱን መቆንጠጫ በየተራ በሄድፎን ታዳምጣላችሁ። ሾፌሩ ግን ሄድፎን ማድረግ የለበትም። አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ያዳምጣል።

መጀመሪያ ቀን ትደነግጣላችሁ። የጤነኛ መኪና ሥር እንኳ እንደ ገበያ ይንጫጫል። ጠጠር ይመታል፣ ጎማ ያጉረመርማል፣ የፍሬን ሸራ ይፋጫል። ስለዚህ አንዱን ዕቃ ብቻውን አዳምጦ "ይሄ ነው" ማለት አያዋጣም። እኔ ሁልጊዜ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ነው የማስረው፦ የግራ ሊንክ (የግራና የቀኝ እግርን የሚያገናኘውን ስታብላይዘር የተባለ ብረት ጫፍ የሚይዝ አጭር ዘንግ) ከቀኝ ሊንክ፣ የግራ አርም (ጎማውን የሚይዘው ክንድ) ከቀኝ አርም። የሚናገረው ልዩነቱ ነው።

በደንብ የካሰኝ ትንንሽ ጉድጓድ ላይ "ቋ ቋ" የሚል ደረቅ ድምፅ ሲመጣ ነው። የቀኙ ስታብላይዘር ሊንክ ላይ ያለው ማይክሮፎን ጥርት አድርጎ አመጣው። እዚያው ጎን ሾክ አብዞርበሩ ላይ የታፈነ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ብቻውን ግን አላጠገበኝም። ስታብላይዘር የሚጠመዘዘው አንዱ ጎማ ከሌላው ተለይቶ ሲነሳ ነው። ሁለቱ እኩል ሲነሱ ሊንኩ ብዙም ጫና አያገኘውም። ስለዚህ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ቀጥ ብለን ወጣን፦ ዝም። በአንድ ጎማ ብቻ ወጣን፦ ቋ! ሊንኩ ሲፈታ ላስቲኩ ተቀዷል፣ ግራሱ ከአቧራ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ በጫፉ ያለችው ኳስም በጣት ስትነካ ትወዛወዛለች።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ ሊንክ አንድ ጎን በክሪክ ተነስቶ አይፈተሽም። ጎማው ሲንጠለጠል ስታብላይዘሩ ተጠምዝዞ ሊንኩን ይወጥረዋል፣ የላላውም ጥብቅ መስሎ ይታያል። ሁለቱም ጎማዎች መሬት ወይም መወጣጫ ላይ እንደቆሙ ነው የሚነቀነቀው። ሽቦ ለማሰር ሥር ስትገቡም በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፤ መደገፊያ አስገቡ።

ማዳመጫው የማያስፈልግባቸው ድምፆችም አሉ። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር ሞላው "ጓ" ብሎ የሚዘል ከሆነ የሾክ አብዞርበሩን አናት ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ለዚህ አንድ ሰው መሪ እያዞረ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ አናቱን በእጅ መንካት ይበልጣል። ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ያለው ላስቲክ) ሲጢጥ ካለ ውሃ ርጩበት፤ ለጊዜው ዝም ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። ዘይት ግን አታስነኩት፣ ጎሚኒ ይበላል። ፍሬን ቀስ ብላችሁ ስትይዙ የሚጠፋ መንኳኳት ከሆነ ደግሞ እግሩን ተዉትና የፍሬኑን ሸራና ሸራውን የሚጨምቀውን ካሊፐር እዩ።

ዕቃው እንዴት ከረመ? ሳጥኗ ደህና ናት። የአንዳንዶቹ መቆንጠጫዎች ስፕሪንግ ላልቷል፣ አሁን በፕላስቲክ ማሰሪያ አጠናክራቸዋለሁ። አብሮት የመጣው ሄድፎን የማይረባ ስለሆነ በሌላ ቀየርኩት። ትልቁ ጣጣ ሽቦው ነው። ከጎማ፣ ከሚሽከረከረው አክስልና ከጭስ ማውጫው አርቆ ማሰር አለ፤ ከማዳመጡ ማሰሩ ይረዝማል። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ንፋሱ ሁሉንም ይውጠዋል። ስለዚህ ለጎማ ኩሽኔታ ጩኸት አልወደድኩትም። እዚያ ላይ የድሮው ዘዴ ይሻለኛል፦ ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይሄዳል፤ ያኔ ድምፁ ከጨመረ ቀኙን ጠርጥሩ።

መኪናውን ራሱ ለሚፈታ ሰው እመክረዋለሁ። ጋራዥ ለሚወስድ ግን ገንዘብ ማውጣቱ አይታየኝም። ድምፁ ሲታጠፍ ነው፣ ፍሬን ሲያዝ ነው፣ በአንድ ጎማ ሲወጣ ነው ብሎ ለመካኒኩ ለይቶ መንገር ይበቃዋል።