ለጣና ዳር ክረምት የሚሆን የፑል ዱላ

ባሕር ዳር ውስጥ የራሱን ዱላ ይዞ ፑል የሚጫወት ሰው እየበዛ ነው። ፔዳ አካባቢ ማታ ማታ ረጅም ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሎ የሚገባ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። እኔ በጨዋታው መካከለኛ ነኝ፤ ሰው የሚያውቀኝ በቶርኖዬ ነው። አባይ ማዶ ባለችው ሥራ ቤቴ የወፍጮ ዕቃ እቆርጣለሁ፣ ጎን ለጎን ደግሞ የፑል ዱላ ጫፍ ላይ ያለችውን ቆዳ እቀይራለሁ። ስለዚህ “ጋሼ፣ ከአሜሪካ ዘመድ ሊመጣ ነው፣ የትኛውን ማርካ ላስመጣ?” የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ኪዩቴክ ነው፤ ያውም የድሮው፣ የፊት ግንዱ ፋይበርግላስ (የብርጭቆ ክር ያለበት ጠንካራ ፕላስቲክ) የለበሰው። የሚስቅብኝ ብዙ ነው። ይሳቅ።

ምክንያቴ ዝናቡ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም እዚህ ከተማ የታጠበ ልብስ በወጉ አይደርቅም። የፑል ዱላ የፊት ግንድ ደግሞ በአብዛኛው የሜፕል እንጨት ነው፤ ርዝመቱ ከ70 ሴንቲ ሜትር ያልፋል፣ ጫፉ ላይ ውፍረቱ 13 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እንዲህ የቀጠነ እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሁለት ጎኑ እኩል ካልጠጣ ይጣመማል። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማሳደር ነገሩን ያፋጥነዋል። ጥቅምት ሲብት ሥራ ቤቴ የሚሞላው በዚህ ነው። በጣም ውድ የሆነ ዱላ፣ ማርካውን አልጠራም፣ አንድ ክረምት አልጋ ሥር ከርሞ እንደ ቀስት ጎብጦ መጥቶልኛል። ባለቤቱ በእንፋሎት አሙቄ እንዳቃናለት ለመነኝ። ማቃናቱ ይቻላል፣ እንጨቱ ግን ውሎ አድሮ ወደ ጠመመበት ይመለሳል። አቃናለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ካጋጠማችሁ እለፉት።

ፕሬዳተርን የሚጠላ አላየሁም፣ እኔም አልጠላውም። በ1994 በአሜሪካ የተጀመረ ማርካ ነው፤ ስም ያወጣው አንድ ችግር ላይ ተረባርቦ ነው። ነጯን ኳስ መሐሏን ትተህ ቀኝ ጎኗን ስትመታት ካሰብክበት መስመር ትንሽ ወደ ግራ ትሸሻለች። ይህ የሚመጣው ከዱላው ጫፍ ክብደት ነው፤ ጫፉ ሲከብድ ኳሷን ይገፋታል፣ ሲቀል ግን ራሱ ገለል ይልላታል። 314 የተባለው ግንዳቸው 10 የሜፕል ቁራጮች ዙሪያውን ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ጫፉ እንዲቀል ውስጡ ተቦርቡሯል። ቁራጮቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙም ከአንድ ወጥ እንጨት የተሻለ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ብልህ ሥራ ነው፤ እንደ ቶርኖ ሠራተኛ ባርኔጣዬን አነሣለታለሁ።

ግን የምንጫወትበትን ጠረጴዛ እናስብ። ጨርቁ ተልጧል፣ ኳሶቹ ከተለያየ ስብስብ የተለቃቀሙ ናቸው፣ ነጯ ከሌሎቹ ትከብዳለች ወይም ታንሳለች። በዚያ ላይ ዱላው የኳሷን ሽሽት በጥቂት ሚሊ ሜትር መቀነሱን ማን ይለየዋል? ሌላም አለ። እኛ አገር “አንዴ ልምታበት” ያለህን ጓደኛ አይሆንም ማለት አትችልም፤ ንፉግ ትባላለህ። ዱላህ በአንድ ምሽት ስንት እጅ ላይ እንደሚዞር፣ ስንቱ ጥቁሯን ስቶ በንዴት ወለሉን እንደሚነርትበት ታውቃለህ። ጫፉ የተቦረቦረ ዱላ ለዚህ አልተፈጠረም።

ማክደርሞትና ቫይኪንግ የሚባሉት ማርካዎች የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ልጆች ናቸው፤ ቫይኪንግ ከ1965 ጀምሮ፣ ማክደርሞት ከ1975። ማክደርሞት የእጀታው ሥራ ያምራል፣ እንጨት የሚወድ ሰው አንዴ ከያዘው አይለቀውም። መጣመምን የሚጨምር የዕድሜ ልክ ዋስትናም ይሰጣሉ። ይህስ ያስመሰግናቸዋል! አባይ ማዶ ላለ ሰው ግን ጠማማውን ዱላ አሽጎ ዊስኮንሲን ድረስ መላክ ማለት ነው፤ የመላኪያው ብር ሌላ ዱላ ሊገዛ ነው።

ወደ ኪዩቴክ ልመለስ። የድሮው ግንዱ ውስጡ ሜፕል ነው፣ ላዩ በፋይበርግላስ ተለብዷል። እርጥበት በቀላሉ አይገባውም፣ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ቢመታ ቶሎ አይሰረጉድም፣ በደረቅ ጨርቅ ሲጠርጉት ላቡና ቾኩ ይለቃል። ኤርል ስትሪክላንድን የሚያህል ተጫዋች ለዓመታት በዚህ ማርካ ተጫውቷል፤ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሼን ቫን ቦኒንግም የኪዩቴክ ሰው ነው። እርግጥ እሱ የሚይዘው ሲነርጂ የሚባለውን፣ ከካርቦን ክር የተሠራውን ግንድ ነው፤ እኔ የምለው ግን የድሮውን ነው።

እንከኑን አልደብቅም። እንጨት የለመደ እጅ ይህን ግንድ አይወደውም። ስትመታ የሚሰማው ድምፅ ደረቅ ነው፣ ኳሷን እንዴት እንዳገኘሃት ለመዳፍህ አይነግርህም። የእንጨት ግንድ ሲሻክር በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰዋለህ፤ ይህን ግን በዚያ ከነካኸው ልብሱን ታነሣዋለህ፣ የሚወጣው ብናኝም እንደ ሳማ ያሳክካል። ቶርኖ ላይ ሳስረው ልብሱ እንዳይሰነጠቅ በፕላስተር ጠቅልዬ ነው፣ የማጠብቀውም በጣት ኃይል ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ጋ እንዳትወስዱት።

“ታዲያ ካርቦን ለምን አይሆንም?” ትሉ ይሆናል። እርጥበትን በመቋቋም ከፋይበርግላሱም ይበልጣል፤ የፕሬዳተሩ ሬቮ በ2016 ከወጣ ወዲህ ታላላቆቹ ተጫዋቾች እየተከተሉት ነው። ነገር ግን ሬቮ ሲወጣ ግንዱ ብቻውን 500 ዶላር ገደማ ነበር። ያን ያህል ያለው ሰው የእኔን ምክር ምን ያደርግለታል?

ለዘመድ የምትነግሩት እንዲህ ነው። ከመሐል የሚፈታ ይሁን፤ ሙሉ ዱላ 147 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ በባጃጅ ሲሄዱ አላፊ አግዳሚውን ይወጋል። ክብደቱ 19 አውንስ፣ ማለትም ወደ 540 ግራም ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ያገለገለ ከሆነ ተፈቶ የፊት ግንዱ ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ይንከባለል፤ ከጫፉ ሥር የሚታየው ብርሃን ሲሰፋና ሲጠብ ከታየ ይተውት። ገጥመው ካንከባለሉት መጋጠሚያው ራሱ ስለሚያሳስት አይፈርዱበትም።

ደግሞ ቆዳ ያምጣ። ኤልክ ማስተር የሚባለው ለስላሳና ርካሽ ነው፣ በካርቶን ይሸጣል፤ ጃፓኑ ካሙይ በንብርብር የተሠራ ነው፣ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ ዋጋው ግን ያስነጥሳል። እኔ ኤልክ ማስተሩን እመርጣለሁ፤ ቶሎ ቢያልቅም አንዱ ካርቶን ለጓደኞቻችሁም ይተርፋል። ቆዳው የሚጣበቅበትን ሱፐር ግሉ አያምጣ፣ እዚሁ ሞልቷል።