ፕላምፒ ነት እና የሳምንት ቀጠሮው፦ በጎንደር ያየሁት

ባለፈው ነሐሴ እህቴ ከምሥራቅ በለሳ ወደ ጎንደር ስትመጣ በጀርባዋ ያዘለቻት ልጅ ዕድሜዋ 14 ወር፣ ክብደቷ ግን 6 ኪሎ ብቻ ነበር። ነሐሴ የአምናው እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት ወር ነው፤ ዝናቡ አንዴ ከተዛባ ይህ ወር ምን ይዞ እንደሚመጣ የበለሳ ገበሬ አሳምሮ ያውቃል። አዘዞ ካለው ቤቴ አቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወስደናት ፕላምፒ ነት የተባለው አልሚ ምግብ ታዘዘላት። ለ8 ሳምንታት ምግቡንም አሰጣጡንም በቅርብ ስለተከታተልሁ፣ በዚሁ መንገድ ለሚያልፍ ሌላ ቤተሰብ ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ። ምግቡን ያለ ማመንታት አመሰግነዋለሁ፤ ቅሬታዬ ምግቡ በሰዓቱ ልጅ አፍ ላይ እንዲደርስ በሚያደርገው አሠራር ላይ ነው።

አንዱ ፓኬት 92 ግራም ይመዝናል፤ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ከለውዝ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከስኳርና ከአትክልት ዘይት ተዘጋጅቶ ቫይታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ሲሆን፣ ፈረንሳዊው የሕፃናት ሐኪም አንድሬ ብሪያንድ ኑትሪሴት ከተባለው ኩባንያ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ያስገኙት ነው። በአገራችን ሂሊና የተባለው ፋብሪካ ያመርተዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ የከሳ ልጅ የሚታከመው በውኃ በሚበጠበጥ ልዩ ወተት ነበር፤ የተበጠበጠ ወተት ቶሎ ስለሚበላሽ እናቲቱ ሌሎች ልጆቿን ጥላ ለሳምንታት ሆስፒታል መተኛት ነበረባት። ፕላምፒ ነት ውኃ አይገባበትም፣ እሳትም አይሻም፤ እርጥበት ስለሌለው ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። ምንጩ በሚደፈርስበት፣ እንጨቱ በሚረጥብበት ክረምት ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ጭስ ውስጥ ስታርር የዋለች እናት ታውቀዋለች።

አንድ ነገር ግን ማንም አልነገረንም። ፓኬቱ ከመከፈቱ በፊት በደንብ መታሸት አለበት፤ ካልታሸ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጅቱ መጀመሪያ የምትውጠው ዘይት ብቻ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ራሳችን ደረስንበት። ምግቡ ስለሚያስጠማም ንጹሕ ውኃ ከአጠገቧ መለየት የለበትም።

የመጀመሪያው ቀን ምርመራ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። ነርሷ የክንዷን ዙሪያ ባለ ሦስት ቀለም በሆነው መለኪያ ለካች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው፤ የእኛዋ 10.9 ነበረች። ቀጥላ የሁለቱንም እግሮቿን ጀርባ በአውራ ጣቷ ለጥቂት ሰከንድ ተጭና ለቀቀች፤ ጉድጓድ ቢቀር እብጠት አለ ማለት ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልቀረም። ከዚያም ፓኬት ከፍታ ለእህቴ ሰጠቻትና ልጅቱ ስትበላ ቁጭ ብላ ተመለከተች። ይህ የምግብ ፍላጎት ፈተና ነው፤ እምቢ ያለች ልጅ ወደ ሆስፒታል ትላካለች እንጂ ምግቡን ይዛ ወደ ቤት አትመለስም። ልጅቱ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ እህቴ ጣቷ ላይ ትንሽ አድርጋ ከንፈሯን ስታስነካት ላሰችው፤ ከዚያ የፓኬቱን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ አልለቅም አለች። አሞክሳሲሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና ለሳምንት 15 ፓኬት ተሰጥቶን ወጣን። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶባት የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ለገጠሩ ያሠለጠነች ከተማ ናትና፣ ሕክምናን ወደ ሰው ቤት የሚያስጠጋ እንዲህ ያለ አሠራር በእሷ ሳየው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከበደን የልጅቱ የ4 ዓመት ወንድም ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባለ ባደግንበት ቤት አንድ ልጅ እየበላ ሌላው ቆሞ እንዲያይ ማድረግ እንዴት ይቻላል? ነርሷ ለእህቴ፣ «እህቴ፣ ይህን እንደ መድኃኒት ቁጠሪው፤ ለትልቁ ያጎረስሽው ከትንሿ ይጎድላል» ብላታለች፤ እውነቷን ነው። ነገር ግን ልጁ መቃኑን ተደግፎ እያንዳንዱን ጉንጭ ይቆጥር ነበር፤ አንድ ቀን ባዶውን ፓኬት አንሥቶ በጥርሱ ቀድዶ ውስጡን ሲልስ አየሁት። ከዚያ በኋላ በዚያው ሰዓት ለእሱ ቅንጬ ወይም በሶ አቀርብለት ጀመር፤ እኔ ደመወዝ ስላለኝ ቻልሁ። ምንም የሌለው ቤት ፓኬቱን ቢያካፍል እናቲቱን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ስለዚህ ለታመመው ልጅ ፓኬት ሲታዘዝ ለቤቱ ጥቂት ዱቄትና ዘይት አብሮ ቢሰጥ፣ የታዘዘው ሁሉ ታማሚው ሆድ ውስጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ስንሄድ፣ «አልቋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ» ተባልን። 6.7 ኪሎ ደርሳ የነበረችው ልጅ በተመለስን ጊዜ 6.5 ሆና ተገኘች። በዚያው ሰሞን በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ይኸው ፓኬት ከብስኩት ጋር ለሽያጭ ተደርድሮ አይቻለሁ። አቅርቦቱ በአብዛኛው በውጭ ለጋሾች ገንዘብ የሚገዛ መሆኑን አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የዚህ ምግብ ግዥና ማጓጓዝ በብዙ አገሮች ተስተጓጉሏል። ቢሆንም ፓኬቱ ማለቁ ቀድሞ ቢታወቅና በስልክ ቢነገረን፣ ወይም አቅራቢያ ካለ ሌላ ጤና ጣቢያ እንድንወስድ ወረቀት ቢጻፍልን ኖሮ ያ ሳምንት ባዶ አይሆንም ነበር። ከበለሳ መንደር ለግማሽ ቀን በእግር ተጉዛ የምትመጣ እናት ይህን ቃል ሰምታ ስትመለስ በሚቀጥለው ሳምንት ላትመጣም ትችላለች።

ክብደቷ 7 ኪሎ ካለፈ በኋላ የሳምንቱ ድርሻዋ ወደ 20 ፓኬት ከፍ አለ። በስምንተኛው ሳምንት ክንዷ 12.6 ሴንቲ ሜትር ሆኖ መለኪያው አረንጓዴው ላይ አረፈ፤ ነርሷ ካርዷን ዘግታ ከገብስ፣ ከሽምብራና ከአጃ የተፈጨ ዱቄት በእንቁላል እያጠናከርን እንድንመግባት አስረዳችን። እህቴ ወደ በለሳ ከመመለሷ በፊት ዱቄቱን ቅዳሜ ገበያ ከተገዛው እህል አስፈጭተን ቋጠርንላት፤ ልጅቱን በየወሩ እንድታስለካም በቀበሌዋ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የተጻፈውን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።