በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ያለው የአር8169 ድራይቨር፦ የምንጭ ኮዱ አያያዝ ሲመዘን

የሪልቴክ የኔትወርክ ቺፖች በብዙ ማዘርቦርዶችና ላፕቶፖች ላይ ስለሚገኙ፣ ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው ስሙን ሰምቶት ባያውቅም አር8169 የተባለውን ድራይቨር፣ ማለትም ቺፑን ከሥርዓተ ክወናው ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ሲገለገልበት ኖሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ግምገማ የምመዝነው ፍጥነቱን ሳይሆን የምንጭ ኮዱን አያያዝ ነው፤ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር የሚፈተነው ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናው እምብርት፣ በታደሰ ቁጥር ነውና።

ከርነሉ ለድራይቨሮች ቋሚ የውስጥ ኢንተርፌስ (ከርነሉና ድራይቨሩ የሚገናኙበት የፈንክሽኖች ስብስብ) እንዲኖር ቃል አይገባም። ለምሳሌ ከከርነሉ ሥሪት 5.17 ጀምሮ ድራይቨሮች የካርዱን ማክ አድራሻ (ካርዱ በኔትወርኩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር) በቀጥታ መጻፍ ቀርቶባቸው ለዚሁ በተዘጋጀ ፈንክሽን በኩል እንዲያልፉ ተደርጓል፤ በ6.1 ደግሞ ናፒን (ፓኬቶችን በጅምላ የሚያስተናግደውን የከርነሉን ዘዴ) የሚያስመዘግበው ፈንክሽን ይቀበላቸው ከነበሩት እሴቶች አንዱ ተነሥቶለታል። ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ከሆነ፣ ኢንተርፌሱን የሚለውጠው ሰው ድራይቨሩንም አብሮ ማስተካከል ስለሚጠበቅበት ተጠቃሚው ለውጡ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ከከርነሉ ውጭ በዲኬኤምኤስ (ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ድራይቨሩን እንደገና ኮምፓይል በሚያደርግ መሣሪያ) የሚጫን ድራይቨር ግን እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ኮምፓይል መሆኑ ይከሽፋል፤ ባለቤቱም አዲሱን ከርነል ሲያስነሣ ኔትወርክ ያጣል፣ ማስተካከያውን የሚያወርድበት መስመርም ያው የተቋረጠው ነው። ለእኔ በከርነሉ ውስጥ ያለውን ለመምረጥ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።

ኮዱን ከፍቶ ለሚያነብ ሰው የዓመታቱ ልፋት በግልጽ ይታያል። በ4.19 የፊዚካል ሌየሩ (በኬብሉ ላይ ምልክት የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል) አያያዝ ወደ ከርነሉ የጋራ ላይብረሪ ተዛውሯል፤ በኋላም የፈርምዌሩ፣ ማለትም በራሱ በቺፑ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም፣ እና የፊዚካል ሌየሩ ዝግጅት ከዋናው ፋይል ወጥተው የየራሳቸው ፋይል ስለተሰጣቸው፣ አንድ ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የትኛውን ክፍል እንደሚነካ ለመለየት ቀላል ሆኗል። በተለይ የወደድሁት ቺፑን የሚለይበትን መንገድ ነው፦ ድራይቨሩ ሲነሣ ከሬጂስተር (በቺፑ ውስጥ ካለ የእሴት ማስቀመጫ) ኤክስአይዲ የሚባለውን የቺፑን መለያ ቁጥር አንብቦ ከሠንጠረዡ ጋር ያመሳክራል፤ የማያውቀው ቁጥር ሲገጥመው በግምት ከመሥራት ተቆጥቦ፣ ቁጥሩን ጠቅሶ የድራይቨሩን ኃላፊዎች እንድናነጋግር የሚጠይቅ መልእክት በከርነሉ ሎግ ላይ ይጽፋል። ያ አንድ መስመር ለኮዱ ጠባቂ ከረጅም የብልሽት ታሪክ የበለጠ ይጠቅመዋል።

ጉድለቶቹም ቀላል አይደሉም። የፊዚካል ሌየሩን የሚያዘጋጀው ፋይል በአብዛኛው ማብራሪያ የሌላቸው የሬጂስተር ቁጥሮችና እሴቶች ድርድር ስለሆነ፣ ቺፑ በእጁ የሌለ ሰው አንዱን እሴት ቢነካ ምን እንደሚበላሽ ማረጋገጥ አይችልም። ኤኤስፒኤም የተባለው የፒሲአይ ኤክስፕረስ ኃይል መቆጠቢያም በአንዳንድ ቺፖች ላይ ፓኬት መላክ እንዲቆም ያደርግ ስለነበር፣ ድራይቨሩ በብዙዎቹ ላይ ያጠፋዋል፤ የማይቋረጥ ግንኙነት ከባትሪ ዕድሜ መቅደሙ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ይሁንና የላፕቶፕ ባለቤቶች ዋጋውን ይከፍላሉ።

አዲስ ቺፕ ያለው ማሽን የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የከርነሉን ሥሪት ይመልከት። ባለ 2.5 ጊጋቢቱ የሪልቴክ ቺፕ 8125 ድጋፍ ያገኘው በ5.4፣ ባለ 5 ጊጋቢቱ 8126 ደግሞ በ6.9 ነው፤ የቆየ ከርነል ይዘው ለሚዘልቁ የሊኑክስ ሥርጭቶች አከፋፋዩ ድጋፉን ወደ ኋላ ካላመጣላቸው በቀር ካርዱ አይነሣም።